ፈቃዱ በማን ስም ይሁን?

መሊካ በሽርን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለማግኘት የቢሮ ቁጥር መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሳቋን ተከትሎ መሄድ ይበቃል። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ በሽር ጥጥና በርበሬ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለትምህርት ብላ ዳገቱን ወጥታ ደብረ ብርሃን ከገባች ጀምሮ አልተመለሰችም። የቆላ ልጅ ናትና ብርዱን ለምዳው አታውቅም፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ፣ ጣቶቿን እፍ እፍ እያለች ስትተይብ ላያት ሰው ማሽኑን የምታሟሙቀው ይመስለው ነበር።

ታይፕ ያስተማርኳት እኔ ለተጊዮርጊስ ነኝ። አንዳንዴ ይህን እያነሳሁ እኩራራለሁ። እውነቱን ልናገርና ብዙም ሳትቆይ በልጣኝ ሄዳለች። እኔ አንዱን ደብዳቤ እየደለዝኩ ስበሳጭ እሷ የእሷን ጨርሳ፣ የእኔን ቀምታ፣ «እትዬ፣ አንቺ ሻይ ጠጪ» ትለኝ ነበር።

በወረቀት ላይ ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት። ጊዜያዊ ማለት በእኛ ቤት ዓመታት ማለት ነው። ውሏ ባለቀ ቁጥር ይታደሳል፤ በታደሰ ቁጥር ደግሞ «ይህ የመጨረሻው ነው» ይባላል። ታናሽ እህቷን አፊፋን አምጥታ እዚሁ ታስተምራለች፤ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። የመሊካ ሥራ ቀረ ማለት የአፊፋ ትምህርት ቀረ ማለት ነው፣ ሁለቱም ጓዛቸውን ሸክፈው ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

ኮምፒውተሩ የመጣልን ከፈረንጆች በእርዳታ ነው። ጉድ ነው! ክፍል ተመረጠለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት፣ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ሆነ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ወልደአረጋይ ቀይ ከፋይ አልብሰውት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፋዩን ገለጥ አድርገው ያሳዩና መልሰው ይሸፍኑታል። ከዚያ በላይ አልሠራም። የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የእኛ ሪፖርት ደግሞ በሙሉ በአማርኛ። መሊካ ብቻ እየገባች አቧራውን እየጠረገች፣ መጽሐፉን እያገላበጠች፣ ቀስ በቀስ ጠባዩን ተማረችው።

በኋላ ከአዲስ አበባ «ማሽኑ በአማርኛ ካልሠራ ለሌላ ይሰጣል፤ ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል» የሚል መልእክት መጣ። አቶ ወልደአረጋይ ደነገጡ። መሊካን ጠርተው «ይህን ነገር አማርኛ ካናገርሽው ስለ ቋሚነትሽ እኔ ራሴ እከራከርልሻለሁ። ካልሆነ ግን ውልሽን የማሳድስበት ምክንያት የለኝም» አሏት።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ወጣት መሐንዲስ ለኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠርቷል ይባል ነበር። አቶ ወልደአረጋይ ይህን ሲሰሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሌላ መሥሪያ ቤት ካለ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ፕሮግራሙን በዲስኬት አስገልብጠው መጡ! «ኧረ የሰው ድካም ነው» ብላቸው፣ «ለመንግሥት ሥራ ምን ስርቆት አለው?» አሉኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን አለቃ ናቸው፣ ምን አደርጋለሁ?

መሊካ ዲስኬቱን አስገባችው። ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆየና ጥቁሩ መስታወት ላይ በአረንጓዴ ፊደል እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ይህ የተገለበጠ ነው። ባለቤቱን ያነጋግሩ።»

እኔ በአማርኛ መጻፉ ገርሞኝ እልል ልል ነበር። አቶ ወልደአረጋይን ዞር ብዬ ሳያቸው በአደባባይ የተሰደቡ ሰው መስለዋል። «እንዴት አወቀ?» ይላሉ፤ «ማን ነገረው?» ይላሉ። መሊካ ሳቋን ለመዋጥ ሹራቧን ነከሰች።

ከዚያ በኋላ በደንቡ ተገዛ። ኃይለ ገብርኤል በስልክ እንዳስረዳን፣ መጀመሪያ ሥራውን ያለ ምንም መቆለፊያ ነበር የሸጠው። አንድ መሥሪያ ቤት ገዛውና ሳይውል ሳያድር ከተማው ሁሉ እየተቀባበለ ገለበጠው፤ እሱ ባዶ እጁን ቀረ። እልህ ያዘው። አሁን ፕሮግራሙ መጀመሪያ የባለ ፈቃዱን ስም ይጠይቃል። ስሙ ሲጻፍለት አንድ ረጅም ቁጥር ያወጣል። ያን ስምና ያን ቁጥር ለእሱ በስልክ ስትነግሪው አስልቶ የመልስ ቁጥር ይሰጥሻል፤ መልሱን ስትጽፊ ይከፈታል። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ከጠፋ ግን ቁጥሩ ይለወጣል፤ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። «አንዴ ከከፈታችሁት በኋላ ግን የእናንተ ነው» አለን።

ዲስኬቱ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የደረሰን ኮሚቴው ሊመጣ ዋዜማው ላይ ነው። ጊዜው ደግሞ ሰኔ 1981፤ ጄኔራሎቹ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው የከሸፈባቸው ገና ያለፈው ግንቦት ነው። ሰው ከሰው ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ወቅት ነበር። እኛ ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ ረስተነዋል። መሊካ ዲስኬቱን ደረቷ ላይ ይዛ ከአውቶቡሱ እስከ ቢሮ እየሮጠች መጣች፤ እኔም ከኋላዋ፣ በዚህ ወፍራም ገላዬ!

«ቢስሚላህ» ብላ አስገባችው። አማርኛው ፏ ብሎ ወጣ። «እንኳን ደህና መጡ» አለን ማሽኑ። እኔ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ከታች ትንሽ ሳጥን አለች፦ «የባለ ፈቃዱ ስም።»

አቶ ወልደአረጋይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ የመሥሪያ ቤታችንን ሙሉ ስም ያስጽፉ ጀመር። ያ ስም ሙሉ ለሙሉ ቢነገራችሁ ራት ይደርሳል፤ ከአገሪቱ ስም ይጀምርና በሚኒስቴር፣ በመምሪያ፣ በዞን፣ በቅርንጫፍ እያለ ይወርዳል። መሊካ ጻፈች። «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክ» ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጢጥ አለ። ሳጥኗ ሞላች። ብትጫነው ጢጥ፣ ብትጫነው ጢጥ።

«ይበቃዋል፣ ገብቶታል» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ተቻኩለው። መሊካ አስገባችው። ቁጥሩ ወጣ። ወረቀት ፍለጋ ጊዜ አላጠፋችም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ስልኩ ያለው በግቢው ማዶ በኃላፊው ቢሮ ነው። ተያይዘን ሮጥን።

ስልክ በዚያን ጊዜ በማዞሪያ ነው። የከተማው ስልከኛ ወለተሐና የማኅበር ጓደኛዬ ናት፤ ጆሮዋ የማያልፈው ወሬ የለም። አዲስ አበባን አገናኘችን። ኃይለ ገብርኤል አነሳ። መሊካ ያን የተቆረጠ ስም ነገረችውና ክንዷን ከፊቷ ዘርግታ «ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ…» ማለት ጀመረች። አንብባ ጨረሰች። እሱ ሲያሰላ ቆየና «መልሱን ያዢ፤ ሦስት፣ ስምንት፣ አንድ…» ሲል ቀጭ! መስመሩ ተቆረጠ።

«ወለተሐና! ወለተሐና!» ብዬ ብጮህ መልስ የለም። ስልኩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። የገረመኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ወለተሐና ራሷ ደውላ ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው መሆኗ ነው።

ብዙም ሳንቆይ ጉዱ ፈላ። የከተማው የጸጥታ ኃላፊ ጓድ ዘርአ ዳዊት ጠመንጃ ከያዘ ጥበቃ ጋር ከተፍ አለ። የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው፤ አባቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እሱ ግን ጓድ ከሆነ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው እየመረመረ ነው።

«ከዚህ ቢሮ ወደ አዲስ አበባ ምስጢራዊ ቁጥር የሚያስተላልፍ ማነው?» አለ።

በኋላ እንደሰማሁት ወለተሐና ቁጥሩን ስትሰማ ክው ብላ ቀርታለች። በሬዲዮ ስለ ጠላት የምስጢር መልእክት ሲወራ የከረመበት ጊዜ ነው። አንዷ ሰላምታ የለ፣ ጉዳይ የለ፣ ግማሽ ስም ጠርታ ቁጥር ትደረድራለች፤ ወዲያኛው ሰው ደግሞ በቁጥር ይመልሳል! ምን ታድርግ? መስመሩን ነቅላ ጮኸች። ተቆጣሁባት እንጂ አልፈርድባትም።

«እኔ ነኝ» አለች መሊካ።

ጓድ ዘርአ ዳዊት ክንዷ ላይ የተጻፈውን አየ። ወረቀት ቢሆን ይደበቃል፣ ይቀደዳል፤ ክንድ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይዞ የተገኘ ሰው ምን ብሎ ሊያስረዳ ነው?

«ይህ ምንድነው?»

«የቁልፍ ቁጥር ነው። የኮምፒውተሩን አማርኛ የሚከፍት።»

«ቁልፍ በስልክ ይላካል?»

«አዎ፤ ሌባ እንዳይሰርቀው። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። ካልከፈተ ያኔ ይውሰዱኝ» አለችው።

እንዲህ ናት መሊካ! አቶ ወልደአረጋይ ግድግዳ ተደግፈው ላብ በላብ ሆነዋል፤ እሷ ጓድ ዘርአ ዳዊትን ፊት ፊት እየመራች ግቢውን ታሻግራለች። ሥራዋ ቢቀር ነበር የምንፈራው፤ አሁን ደግሞ መታሰር መጣ። እኔ ከኋላ ስለ አፊፋ አስባለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ብዬ ልንገራት?

ጓድ ዘርአ ዳዊት በሩ ላይ ጫማ ማውለቅ ደንብ ነው ሲባል ቅር እያለው አወለቀ። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው የአገሪቱን ስም የቆረጠው?»

አቶ ወልደአረጋይ ወደ በሩ ሸሸት አሉ።

«የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክ? ዴሞክ ምን ማለት ነው? ሪፐብሊኩ የት ሄደ?»

እውነቴን ነው፤ ከምስጢር ቁጥሩ ይልቅ ይኸኛው አስቆጣው። መሊካ ሳጥኗ እንደማትበቃ አስረዳችው። አላመነም፤ በራሱ ጣት ተጫነ። ጢጥ አለበት።

«በአሕጽሮት እንጻፈው» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ከበሩ አጠገብ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ማን ፈቅዶ ነው የአገር ስም የምናሳጥረው? ነገ ይህን አንብቦ የሚጠይቅ ቢመጣ እርስዎ ይመልሳሉ?»

አቶ ወልደአረጋይ መመለስ አልፈለጉም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ሞከሩ፤ አልበቃም። የቅርንጫፉን ሞከሩ፤ እሱም ተቆረጠ። በአገራችን አጭር ስም ያለው መሥሪያ ቤት እንደሌለ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። መሊካ «የእርስዎን ስም ልጻፍ?» ብላ አለቃችንን ብትጠይቃቸው እጃቸውን እያወናጨፉ «እኔን ተዪኝ፣ እኔን ከዚህ ነገር አውጪኝ!» አሉ።

ጓድ ዘርአ ዳዊት በንዴት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ተመላለሰና ቁርጡን ተናገረ። «የራስሽን ጻፊ። ጥፋት ከመጣም ባንቺ ስም ይምጣ።»

«እሺ» አለች። «መሊካ በሽር» ብላ ጻፈች። ሳጥኗ ጢጥ ሳትል ተቀበለቻት፤ ቦታም ተረፈ።

አዲስ ቁጥር ወጣ፤ ክንዷ ላይ ከቀድሞው በታች ጻፈችው። ጓድ ዘርአ ዳዊት ግን ስልኩን ለእሷ ሊሰጣት አልፈለገም። «እኔ ራሴ እነጋገራለሁ። ያን ሰው ራሴ ልስማው። አንቺ ከማሽኑ አትነሺ» አለና ቁጥሩን ከክንዷ ገልብጦ ሄደ። ለወለተሐና በቁጣ አዘዛት፤ አዲስ አበባ ወዲያው ተገናኘ። ቢሮው ማዶ ነው፣ ኮምፒውተሩ ወዲህ፤ በመሃል ጭቃና ካፊያ። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ ጓድ ዘርአ ዳዊት ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ በመስኮት ይጮኻል፤ ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ ግቢው መሃል ቆሞ ይቀበላል፤ እኔ በር ላይ ሆኜ ከእሱ እቀበላለሁ፤ መሊካ ትጽፋለች።

«አምስት!»

«አምስት!» ይላል ጥበቃው።

«አምስት!» እላለሁ እኔ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ በየመስኮቱ ወጣ። የምስጢር ቁጥር ብሎ ሊይዘን የመጣው ሰው ያንኑ ቁጥር ለከተማ እያሰማ ያስተላልፍልናል! ጥበቃው ሞቅ ብሎት እንደ ሰልፍ መፈክር ነበር የሚያሰማው። መሳቅ ያምረኛል፤ ግን አንዲት ቁጥር ባመልጥ ልጅቷን ይዘዋት ነው የሚሄዱት።

የመጨረሻዎቹ ላይ ስንደርስ መብራቱ ፈዘዘ። መስታወቱ ጠበብ፣ ደብዘዝ አለ። «ያ አላህ፣ አሁን አይሁን!» ስትል ሰማኋት። እኔም የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። መብራቱ እንደ ሰከረ ሰው አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለና ቀጥ ብሎ መጣ።

«ሁለት!»

«ሁለት!»

«ሁለት፣ መሊ፣ ሁለት! አለቀ!»

ተጫነችው። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበ። ከዚያ ገጹ ጠረግ አለና ንጹሕ፣ ባዶ፣ አረንጓዴ ነጥብ ብቻ የምትርገበገብበት ሜዳ ተከፈተ። መሊካ ጣቶቿን አሳርፋ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብላ ጻፈች። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ከወንበሯ ዘላ አቀፈችኝ፤ እልልታዬን ለቀቅኩት፣ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ጫጫ ሳይሰማ አይቀርም! ጥበቃው በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ተከፈተ?» ይላል። ጓድ ዘርአ ዳዊት እየሮጠ መጣ፤ ጫማውን ማውለቅ ረስቶ ጭቃውን ይዞ ገባ። ማንም አልተናገረውም። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «የእኔን ስም ጻፊ እስቲ» አላት። ጻፈችለት፤ ማተሚያው እየጮኸ አወጣለት። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ሄደ።

በማግስቱ ኮሚቴው መጣ። ጓድ ዘርአ ዳዊትም በግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። መሊካ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ ስታስተካክል፣ ስታትም የኮሚቴው ሰብሳቢ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በጣም ጥሩ። ማሽኑ እዚሁ ይቆያል። የሠለጠነ ሠራተኛ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንልክላችኋለን።»

አቶ ወልደአረጋይን አየኋቸው። እከራከርልሻለሁ ያሉት ሰውዬ ጣሪያውን ያያሉ። «ታዲያ ይህች ልጅ ምን ልትሆን ነው?» ብዬ አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ማሽኑን እንድታጠፋውና እንደገና እንድታበራው አዘዛት። ዕለት ዕለት እንዴት እንደሚነሳ ማየት ፈልጎ ነው። ሲነሳ ከሁሉ በፊት፣ በትልቅ ፊደል፣ መሃል ላይ እንዲህ አለ፦ «ባለ ፈቃድ፦ መሊካ በሽር።»

«ይህች ደግሞ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች መሊካ።

«የመንግሥት ንብረት በግለሰብ ስም? ይህ አሁኑኑ ይቀየር!»

«ለመቀየር አዲስ ቁጥር ማውጣትና እንደገና አዲስ አበባ መደወል ያስፈልጋል። በማን ስም እንደሚሆንም መወሰን አለበት» አለች፤ ረጋ ብላ።

ሰብሳቢው የአገሪቱን ስም መጥራት ሲጀምር ጓድ ዘርአ ዳዊት ከጥጉ ወጣ አለ። የምስጢር ቁጥር በመስኮት ሲጮኽ ከተማው ሁሉ እንደሰማው ያውቃል፤ ያ ነገር እንደገና እንዲነሳ አይፈልግም። «ጉዳዩ በእኛ በኩል ተጣርቶ ተዘግቷል። ስሟ እንዲገባ የተደረገው በእኔ ትእዛዝ ነው። ዳግመኛ ስልክ አይደወልም» አለ።

በዚያ ዘመን የጸጥታ ሰው ተዘግቷል ያለውን ማን ይከፍታል? ሰብሳቢው አገጩን አሻሸ። ከዚያ እንደ አዋቂ ድምፁን አወፈረና «ባለ ፈቃዷ ጊዜያዊ ሠራተኛ ልትሆን አትችልም። ነገ ትታ ብትሄድ ንብረቱ ያለ ባለቤት ሊቀር ነው። ቋሚ ትሁን» አለ። አቶ ወልደአረጋይ ከሁላችንም ቀድመው አጨበጨቡ። መሊካ መጀመሪያ የሰማችውን ማመን አቅቷት እኔን አየችኝ። ራሴን ስነቀንቅላት ዓይኗ በእንባ ሞላ።

አፊፋ አሥራ ሁለተኛን እዚሁ ጨረሰች። ኃይለ ገብርኤልም አንድ ጊዜ በመንገዱ ሲያልፍ መጥቶ ማሽኑን አየውና በዚያ ሁሉ ጩኸት የተከፈተ ፕሮግራሙ ይኸው ብቻ እንደሆነ ነግሮን ሄደ።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ መሥሪያ ቤታችን ተዘግቶ ሰነበተ። ጓድ ዘርአ ዳዊት የት እንደገባ አልታወቀም፤ አቶ ወልደአረጋይም ቤታቸው ተቀመጡ። እኔና መሊካ ተያይዘን ግቢውን ለማየት ስንሄድ ያ ረጅም ስም የተጻፈበት ታፔላ ወርዶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ውስጥ ታጋዮች አሉ። አንዱ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ ልጅ እግር፣ ከኮምፒውተሩ ፊት የመሊካ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ማሽኑን አብርቶታል። ሊያባርሩን ነው ብዬ ክንዷን ያዝኳት።

ልጁ ዞር ሳይል ከመስታወቱ ላይ አነበበ።

«መሊካ በሽር ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።